በአዛዡ አንገት የዋለው ማረሻ

በስሟ የማይጠሯት አንዲት አገር ነበረች። የማይጠሯት ረስተዋት አይደለም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ታሪኩን እስከ ዳር ከሰማ ያገኛታል።

በዚያች አገር ሰው ሲሞት እንደሚቀበር ሁሉ ማረሻም ሲያልቅ ይቀበር ነበር። ማረሻ ከእርፉ ጫፍ የሚሰካው፣ መሬቱን የሚሰነጥቀው ብረት ነው። አፈርና ድንጋይ ዓመት ከዓመት እየላጡት መጨረሻ ላይ መዳፍ የማይሞላ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ሌላ አገር ቢሆን አንጥረኛ ዘንድ ተወስዶ ቢላዋ ይሆናል። እነሱ ግን ባለቀበት ማሳ ጥግ ጉድጓድ ቆፍረው ያስተኙታል፤ አንድ ዋንጫ ጠላ ያፈሱለትና «እዚህ አለቅህ፣ እዚሁ ረፍ» ይሉታል።

በየዓመቱም የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ባለማሳው ወደ ጥጉ ይሄዳል። ጠላውን አፍስሶ የዘንድሮን ሐሳቡን ለማረሻው ይነግረዋል፤ ከዚህ እስከዚያ ማሽላ፣ ከዚያ ወዲህ ጤፍ እያለ። ይህን ሳያደርግ ዘር የሚያወጣ የለም። ሳያደርጉ ቢዘሩ ምን ይመጣል ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም፤ የሚጠይቅ ሰው ገና አልተወለደም።

አያ ጓንጉል የዚያች አገር ገበሬ ነበር። ያለችው አንዲት ማሳ ናት፤ ከወንዙ ራስጌ፣ ጥቁር አፈር። በማሳዋ ጥግ የአያቱ ማረሻ ተቀብሯል። አያቱ መሬቱን መጀመሪያ ሲያቀኑ ማረሻው ከአለት ጋር ተጋጭቶ አንድ ጎኑ ተጎርዷል ይባላል፤ የተሸረፈ ጥርስ ይመስላል። ጓንጉል ይህን ያወቀው አባቱ ሲቀብሩት አጠገባቸው ቆሞ ስላየ ነው።

ጓንጉል ብዙ አይናገርም። ቃል ሲያወጣ ከጎተራ እህል እንደሚያወጣ ሰው ሰፍሮ ነው። ሚስቱ እንጉዳይ «ከበሬዎቹ ጋር የሚያወራውን እኩሌታ ለእኔ ቢያወራኝ እስከ ዛሬ ጥርሴ ባልተከደነ» ትላለች።

በዚህ ጊዜ ነው የአገሪቱ ንጉሥ ከሩቅ ነጋዴዎች አንድ ዘንግ የገዙት። ዘንጉ ጫፉ ላይ እንደ ወንፊት ክብ የሆነ ነገር አለው፤ እጀታው ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ የሽቦው ጫፍ ደግሞ ሰሚው ጆሮ ላይ በሚደፋ ጥቁር ክዳን ያልቃል። ምግቡ ባትሪ ድንጋይ ነው። ነጋዴዎቹ «መሬት ላይ ስታንዣብቡት፣ ከሥር ወርቅ ካለ ይጮኻል» አሉ። እውነታቸውን ነው። «ብረትም ቢሆን ይጮኻል፤ ድምፁን ለይታችሁ ስሙ» ብለውም ነበር። ይህን ያሉት ግን ምሳ ቀርቦ ስለነበር የሰማቸው የለም።

በማግሥቱ አዋጅ ወጣ። «ዘንጉ አይዋሽም። ዘንጉ የጮኸበት መሬት የመንግሥት ነው፤ ዙሪያውን ገመድ ይጣልበት። ገመድ የተጣለበትን መሬት የረገጠ፣ ያረሰ፣ ከብት ያስገባ ይቀጣል። ጩኸቱ ሲቆም መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል።»

አዋጁ ሹማምንት ያስፈልጉት ነበርና ተሾሙ። የሁሉም የበላይ የዘንግ አዛዥ አስራደ ሆነ፤ ደረቱ ሰፊ፣ ነጭ የሚወድ፣ ከተቆጣ በኋላ ምን እንዳስቆጣው የሚጠይቅ ሰው። ከሥሩ ጆሮ ሹም አለ፤ ዘንጉን ይዞ የሚዞረውና የሚሰማው እሱ ነው። ገመድ ጣይ አለ። ጥላ ያዥም አለ፤ ጥላው የሚያዘው ግን ለዘንጉ እንጂ ለሰው አይደለም።

እነሱ ወደ አንድ መንደር ሲመጡ ሥርዓቱ ብዙ ነው። አውራ ዶሮ ሁሉ ቅርጫት ይደፋበታል። ማስነጠስ ክልክል ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ወንዝ ተሻግሮ ይቆያል። ዘንጉ ባትሪ ድንጋዩ ሲቀየርለት «እየተመገበ ነው» ይባልና ሽማግሌውም ሕፃኑም ብድግ ብሎ ይጠብቃል።

ዘንጉ ወደ ጓንጉል መንደር ሊመጣ ነው የተባለ ጊዜ ጎረቤቱ ቢያድግልኝ እየሳቀ መጣ። ቢያድግልኝ ሳይስቅ የሚመጣበት ቀን የለም።

«አያ ጓንጉል፣ የአያትህን ማረሻ አታወጣውም እንዴ? እኔ የአባቴንም የአያቴንም ቆፍሬ አወጣሁ። ማሳዬ አሁን እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም ብላለች።»

ጓንጉል ቀንበሩን እየጠረበ ነበር። «የት አደረግኸው?» አለ።

«አልጋዬ ሥር።»

ጓንጉል መጥረቢያውን አሳረፈና አየው።

«ምነው?» አለ ቢያድግልኝ።

«አልጋህ ይጮኻላ።»

ቢያድግልኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁም ዘንጉ በቤቱ ደጃፍ እስኪያልፍ ድረስ ቆየለት። ዘንጉ ደጃፉ ላይ ሲደርስ እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ፤ ገመድ ጣዩም ቤቱን ከነአጥሩ፣ ከነዶሮ ቆጡ ከበበው። ማረሻዎቹ ከአልጋው ሥር ወጥተው በነጭ ጥጥ ተጠቀለሉ። ቢያድግልኝ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የጓንጉል ግልገል ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ገመዱ ዳር ይቆምና በተከፈተው በር የገዛ አልጋውን ያያል።

«ይኸው እኔ ከፍየል ጋር፣ አልጋዬ ከመንግሥት ጋር» ይላል።

ወደ ጓንጉል ማሳ የሄዱት በሦስተኛው ቀን ነው። ጆሮ ሹሙ ዘንጉን እያንዣበበ ማሳውን ዳር ለዳር ሄደ። ዘንጉ ዝም እንዳለ ነው። እንጉዳይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ጥጉ ላይ ሲደርስ ጮኸ። ሲቆፍሩ ያ አንድ ጎኑ የተጎረደው ቁራጭ ወጣ።

«ማረሻ ነው» አለ ጓንጉል። «የአያቴ ነው።»

አዛዡ ወደ ጆሮ ሹሙ ዞረ። «ዘንጉ ምን አለ?»

«ወርቅ አለ ጌታዬ።»

«አንተስ ምን ሰማህ?»

«ዘንጉ ያለውን ጌታዬ።»

«እንግዲህ ሁለት ምስክር አለን» አለ አዛዡ፤ «ይህ ሰው አንድ ነው።»

ማረሻው በጥጥ ተጠቀለለ፤ ጥላ ተያዘለት። ጓንጉል ከኋላቸው ጥቂት ተከተለና ጠየቀ፦ «መቼ ይመለሳል?»

ሳቁበት። ገመዱን ጥለው ሄዱ።

የተቆፈረው ሁሉ ከየመንደሩ ወደ ዋናው ከተማ ተጫነ። የቤተ መንግሥቱ ወርቅ አንጥረኛ አንዱን ቁራጭ አንስቶ አገላበጠ፣ በጥፍሩ ጫረ፣ አሸተተም፤ «ይህ ብረት ነው» አለ። ዘንጉ እንደማይዋሽ በአዋጅ የታወቀ ስለሆነ የአንጥረኛው ዓይን ደክሟል ተባለ፤ ዓይኑን ያሳርፍ ዘንድ የቤተ መንግሥቱ ዳክዬ ጠባቂ ሆነ። ሌላ አንጥረኛ መጣ፤ እሱም ዓይኑ ደከመ። ሦስተኛው ሲመጣ ወርቁን ሳያይ ከበሩ ላይ «እንዴት ያለ ወርቅ ነው!» አለና ሹመት አገኘ። በንጉሡ ወርቅ ላይ ብረት የሚል ቃል ያነሣ ሁሉ ወደ ዳክዬዎቹ ይላካል ተብሎ ስለተወሰነ፣ ዳክዬዎቹ ከጠባቂዎቻቸው አነሱ ይባላል።

ወርቁ ግምጃ ቤቱን ሞልቶ ደጅ ሲወጣ ንጉሡ ለሹማምንቱ ሊሸልሙት ወሰኑ። ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቁራጭ በቀይ ሐር ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለለት። ከሽልማቱ ጋር ሕግ ተሰጠ። የንጉሥን ወርቅ ከአንገቱ ያወለቀ ሹመቱም አብሮ ይወልቃል። የንጉሥን ወርቅ ያበላሸ ዳክዬ ይጠብቃል። የንጉሥን ወርቅ ያየ ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ ያክብረው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የወርቅ በዓል በሚባለው ቀን፣ ንጉሡ የእያንዳንዱን ሹም ደረት ራሳቸው ያያሉ።

ለአዛዥ አስራደ የደረሰው አንድ ጎኑ የተጎረደው ነው። በመኝታ ጊዜ ማውለቅ አይፈቀድምና በተገላበጠ ቁጥር ሚስቱን ግንባሯ ላይ ይላት ነበር። ሚስቱ አልጋ ለየች።

ዝናቡ ሲቃረብ፣ ጩኸቱ ቆሞ እንደሆነ ሊያጣሩ ተመልሰው መጡ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ማረሻዎቹ ተወስደዋል፤ እንግዲህ የሚጮኽ ነገር የለም፤ ገመዱ ይነሣል ብለው ጠበቁ። እንጉዳይ ዘሩን አበጥራ አዘጋጀች።

ጆሮ ሹሙ ዘንጉን ይዞ የጓንጉልን ማሳ ጀመረ። አዛዡ አጠገቡ ሆኖ አብሮት ይራመዳል፤ ደረቱ ላይ ማረሻው እየተወዛወዘ። ዘንጉ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ጮኸ።

ቆፈሩ። ምንም የለም። ደግመው አንዣበቡት፤ ጮኸ። ደግመው ቆፈሩ። በሬ የሚያስተኛ ጉድጓድ ሆነ። አዛዡ ወደ ውስጥ ለማየት ጎንበስ ሲል ዘንጉ ከበፊቱ ይልቅ አምርሮ ጮኸ።

«ወርቁ ወደ ጥልቀት እየወረደ ነው» አለ ጆሮ ሹሙ።

ገመዱ ዳር የቆመው ቢያድግልኝ ጓንጉልን በክርኑ ነካው። «አንገቱ ነው'ኮ! አንገቱ ነው የሚጮኸው!»

ያላወቀ ሰው አልነበረም። ጆሮ ሹሙም ያውቃል፤ የራሱን ቁራጭ ከዘንጉ እንዲርቅ ወደ ጀርባው አዙሮ ነው የሚሠራው፤ አዛዡ ከቁጥቋጦው ጀርባ ውኃ ሽንት ሊሸና ሲሄድ ዘንጉ ዝም ሲል፣ ሲመለስ ሲጮኽ በሁለት ጆሮው ሰምቷል። ነገር ግን ዳክዬ አይወድም።

«ምነው ቅድም ዝም አለ?» ብሎ ጠየቀው አዛዡ።

ጆሮ ሹሙ ጥቂት አሰበ። «ወርቁ ፈሪ ነው ጌታዬ። እርስዎ ሲሄዱ ይሸሻል፤ ሲመለሱ አክብሮ ይወጣል።»

አዛዡ ደስ አለው። «ፈሪ ነው» አለ፤ ጺሙን እያሻሸ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር።» ፈሪው ወርቅ እስኪያዝ ድረስም ድንኳኑን መንደሩ ውስጥ ተከለ።

በዚያ ሰሞን የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። አፈሩ ሸተተ። ማሽላ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ካለፉት ለዚያ ዓመት አለፈው ማለት ነው፤ ጥቁሩ አፈር ውኃ ጠግቦ ከተጣበቀ በሬ አያስገባም። እንጉዳይ ከጎተራው ስትመለስ እጇን እያራገፈች ነበር።

«ወለሉ መታየት ጀምሯል» አለችው። «ዘንድሮ ካልተዘራ የከርሞውን ክረምት በምን እናየዋለን?»

ጓንጉል ተነሥቶ ጋቢውን ለበሰ፤ ለሰርግ እንደሚሄድ ሰው አስተካክሎ። ከዚያ የጠላውን ቅልና ዋንጫውን አነሣ።

«ወዴት ነው?» አለች። «ማሳው ገመድ ውስጥ አይደለም እንዴ?»

«ማረሻው ገመድ ውስጥ አይደለም።»

እንጉዳይ ለአፍታ አልገባትም። ሲገባት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ከኋላው ወጣች።

አዛዡ ከድንኳኑ ፊት ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተጠበሰ ዶሮ ይበላ ነበር። ጓንጉል ፊቱ ቆሞ እጅ ነሣ።

«ምን ፈለግህ?»

«ከእርስዎ አይደለም ጌታዬ።»

ጠጋ አለ። ጎንበስ ብሎ የተጎረደውን ጎን አየ፤ የአያቱ ነው። ዋንጫውን ሞላና ቀስ አድርጎ፣ አንዲት ጠብታ ሳያባክን፣ አዛዡ ደረት ላይ አፈሰሰው።

አዛዡ ከነአጥንቱ ዘለለ። «አበደ! ይህ ሰው አበደ! ያዙት!»

ጓንጉል አልሰማውም። ለማረሻው እየተናገረ ነበር። «ዘንድሮ ከላይ ማሽላ፣ ከታች ጤፍ ነበር ያሰብሁት። ማሳው ግን ታስሯል። አንተ ደግሞ እዚህ ነህ። እንድታውቀው ብዬ ነው።»

ገመድ ጣዩ ገመዱን ይዞ መጣ። ጆሮ ሹሙ ግን እጁን አነሣና ወደ አዛዡ ጆሮ ተጠጋ። «ጌታዬ፣ ሕጉ የንጉሥን ወርቅ ያየ ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ ያክብረው ይላል። የዚህ አገር ልማድ ይህ ነው። ቢከለክሉት ወርቁ እንዳይከበር ከለከሉ ይባላል።»

አዛዡ ከጺሙ ጠላ እየተንጠባጠበ ቆመ። መጨረሻ ላይ ተቀመጠና በጥርሱ መካከል «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

«ለሱ ነው» አለ ጓንጉል፤ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ቢያድግልኝ ይህን ሁሉ ከአጥር ጥግ አይቷል። ሲሮጥ ሄደና መንደሩን ቀሰቀሰ። በዚያች አገር ሰው በደቦ ስለሚያርስ፣ ያ ማረሻ በዘመኑ ያላረሰለት ቤት አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ጠላ አለበት። ቅልም ጋንም ይዘው ተሰለፉ። ቀጭን ጠላ ያለው ቀጭን፣ ጉሽ ያለው ጉሽ፣ ሀብት የተረፈው ደግሞ ጠጅ አመጣ። ቢያድግልኝ አንድ ዋንጫ አዛዡ ላይ ካፈሰሰ በኋላ ወደ ጆሮ ሹሙ ዞረ፤ ጆሮ ሹሙ አንገት ላይ ያለው የቢያድግልኝ አባት ማረሻ ነውና።

«አባባ፣ አልጋዬ ሥር ቢመችህ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር» አለና ቅሉን ገለበጠበት።

ከሁሉም በስተኋላ እማማ የሻረግ መጡ፤ በምርኩዝ፣ ቀስ እያሉ። አዛዡ ፊት ሲደርሱ ጣታቸውን ወደ ደረቱ ቀሰሩ።

«አንተ! ባሌ ሲያርስብህ እግሩን የወጋኸው አንተ አይደለህም? ያን ክረምት በሙሉ እንደ ዶሮ ሲያነክስ ነው የከረመው። መሬት ውስጥ ስለነበርህ ነው ዝም ያልሁህ።» ከዚያ ረጋ ብለው አፈሰሱለት። «ቢሆንም አብልተኸናል። እንካ ጠጣ።»

አዛዡ እሱን የተናገሩ መስሎት «እኔ ማንንም አልወጋሁም እማማ» አለ።

«አንተን ማን አናገረህ ልጄ» አሉት።

ልማዱ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ማሳው እስኪዘራ ድረስ ጠዋትም ማታም ይፈሰሳል። ማሳው ደግሞ በገመድ ስለታሰረ አይዘራም። ስለዚህ ያገሩ ሰው ጠዋትም ማታም መጣ፤ በጨዋ ደንብ፣ እጅ እየነሣ። አዛዡ የሚለብሰው ነጭ ልብስ ሁሉ የጠላ ቀለም ያዘ። ንብ ይከተለው ጀመር። የመንደሩ ውሾች ሲቀመጥ አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ ሲነሣም ይነሣሉ። ዝናቡም በላዩ ላይ ወረደበት።

አንድ ጠዋት እንጉዳይ ተራዋ ደርሶ ዋንጫዋን ስታነሣ ቆም አለች። ከማረሻው ሥር፣ በነጩ ልብስ ላይ፣ ቀይ ቡናማ መስመር እስከ እምብርቱ ወርዷል።

«ውይ ጌታዬ» አለች። «ወርቅዎ ደማ።»

አዛዡ ወደ ደረቱ አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ድንኳኑ ውስጥ ገባና በዐመድ አሸው፤ በአሸዋ አሸው፤ በሎሚም ሞከረው። ባሸው ቁጥር ማረሻ ማረሻ መሰለ። የወርቅ በዓል እየደረሰ ነው። ንጉሡ ደረቱን ሊያዩ ነው። አዛዡ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ዳክዬ ይታየው ጀመር።

በእኩለ ቀን፣ ሰው ሁሉ ከዝናብ ተጠልሎ ሳለ፣ ያለ ጥላ ያዥ ብቻውን ወደ ጓንጉል ቤት መጣ። ጓንጉል በረንዳው ሥር ተቀምጦ የእርፉን ጫፍ ይጠርባል። ተነሣና መቀመጫ አቀረበለት። አዛዡ ግን አልተቀመጠም።

«አያ ጓንጉል» አለው። እስከዚያን ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም ነበር። «ይህ ነገር ታመመብኝ።»

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ አየው። «አልታመመም። ደክሞት ነው።»

«ምን ይሻለዋል?»

«መኝታው።»

አዛዡ በረጅሙ ተነፈሰ። «ባወልቀው ሹመቴ አብሮ ይወልቃል። ባላወልቀው ንጉሡ ያዩታል።»

ጓንጉል መጥረቡን ቀጠለ። እንጨቱን እያየ፣ «ወርቁ ፈሪ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ።

አዛዡ ዓይኑ ፈጠጠ። ጆሮ ሹሙን አስጠራ። ጆሮ ሹሙ እየሮጠ መጣ፤ የእሱም ደረት እስከ ወገቡ ቀልቷል።

«ስማ» አለው አዛዡ። «ወርቄ ሊሸሽ ነው።»

ጆሮ ሹሙ አላመነታም። «እኔም ሲሸሽ ሰማሁት ጌታዬ። ወደ መሬት ሲገባ በሁለት ጆሮዬ ሰማሁ።» ቀጥሎም እጁን እያሻሸ፣ «ጌታዬ፣ የእኔም እንዲሸሽ ቢፈቅዱልኝ?»

ሦስቱም ወደ ማሳው ሄዱ። ገመዱ ዳር ሲደርሱ ጓንጉል ቆመ።

«ምነው ቆምህ?» አለ አዛዡ።

«ገመድ የተጣለበትን መሬት የረገጠ ይቀጣል።»

አዛዡ ግራና ቀኝ አየ። ገመድ ጣዩ የለም፤ ዝናቡን ፈርቶ ድንኳን ገብቷል። አዛዡ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ ጭቃው ላይ ተንበረከከና ችካሉን በገዛ እጁ ነቀለ። ቀጥሎ ያለውንም ነቀለ። ማሳውን እስኪዞር ድረስ ጓንጉል ቆሞ ጠበቀው።

ጥጉ ጋ ሲደርሱ ጓንጉል ቆፈረ። አዛዡ ሐሩን ከአንገቱ አወጣና ማረሻውን ሊሰጠው እጁን ዘረጋ። ጓንጉል አልተቀበለውም።

«መጨረሻ የተሸከመው ነው የሚቀብረው» አለ።

አዛዡ ጎንበስ ብሎ አስተኛው። ጓንጉል ጠላ የሞላ ዋንጫ አቀበለው። አዛዡ ጠላውን ሲያይ ከልማድ የተነሣ ዓይኑን ጨፈነ፤ በእሱ ላይ አለመሆኑ ሲገባው ከፈተና ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሰ።

«ምን ልበለው?»

«እዚህ አለቅህ፣ እዚሁ ረፍ።»

አዛዡ አለው። አፈሩን ከመለሱ በኋላ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰማይ አየ።

«አያ ጓንጉል፣ ይህን ለማንም እንዳትናገር።»

«እኔ አልናገርም» አለ ጓንጉል። «መሬቱም አይናገርም። እርስዎ ዘንግዎን ዝም ያሰኙልን።»

አዛዡ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ወደ ድንኳኑ ሲመለስ የዘንጉን ክብ ጫፍ በጋቢው እጥፍ አድርጎ ጠቀለለው፤ ጆሮ ሹሙም የራሱን ቁራጭ በቢያድግልኝ ማሳ ጥግ ካስተኛ በኋላ የጆሮውን ክዳን በጥጥ ደፈነ። በማግሥቱ በየማሳው፣ በቢያድግልኝም ቤት ላይ፣ በሥርዓቱ አንዣበቡት፤ ዶሮዎቹም እንደ ደንቡ ቅርጫት ተደፋባቸው። ዘንጉ ትንፍሽ አላለም። «ጩኸቱ ቆሟል» ተብሎ ታወጀ፤ ገመዱም ተነሣ። ቢያድግልኝ ያን ቀን ከአልጋው አልወረደም፤ ሊጠይቁት የመጡትን ሁሉ ተኝቶ ተቀበለ።

በወርቅ በዓል ንጉሡ የአዛዡን ባዶ ደረት ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ። አዛዡ ወርቁ ፈሪ ሆኖ መሸሹን ተናገረ፤ ጆሮ ሹሙ መሰከረ። ልብሳቸው ላይ ቀይ መስመር ያለባቸው ሌሎቹ ሹማምንትም አንድ በአንድ እየተነሡ የእኛም ሊሸሽ ሲል ይሰማናል አሉ። ስለዚህ ወርቅ በባሕርዩ ፈሪ እንደሆነ፣ የሚያስፈራውም የዘንጉ ጩኸት እንደሆነ በአዋጅ ተወሰነ። ሹማምንቱ ወርቃቸውን ሊያሸሹ ወደመጣበት መንደር በየፊናቸው ወረዱ። ዘንጉ ከነጋቢው ግምጃ ቤት ገባ። ዛሬም እዚያው አለ። ጋቢው እስኪበሰብስ ድረስ ዝም ይላል ማለት ነው።

ጓንጉል ማሽላውን የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሊያልፉ ሲሉ ዘራ፤ ጥቂት ዘግይቶ ቢበቅልም በቀለ። ገመዱን ጥጃ ማሰሪያ አደረጉት።

በከርሞው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ጓንጉልና እንጉዳይ ወደ ማሳው ጥግ ሄዱ። ጓንጉል ዋንጫውን ሞልቶ አፈሰሰ፤ ከላይ ጤፍ፣ ከታች ማሽላ አለ። ከዚያ ዋንጫውን እንደገና ሞላ፤ ግማሽ ድረስ ብቻ።

«ይሄኛውስ የማነው?» አለች እንጉዳይ።

«የአዛዡ» አለ፤ እያፈሰሰ። «እሱም ተሸክሞታል።»